ወደ ኋላ የነፈሰ ንፋስ

ሩት ሥራዋን ለእናቷ ልታስረዳ ስትሞክር ነገሩ ሁሌም በሳቅ ያልቅ ነበር። "በቃ፣ ጭስ እከተላለሁ" ትላቸዋለች በመጨረሻ። "ጭስ ተከትሎ ቤት የሠራ አላየንም" ይሏታል እናቷ። ሥራው ግን በእርግጥም ይኸው ነበር። ቃሊቲ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆች በላይ ባለ አንድ የአማካሪዎች ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ከፋብሪካ የሚወጣ ጭስ በየት በኩል ሄዶ ማን ደጃፍ ላይ እንደሚወርድ ታሰላለች።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቢሮው አንድ ጥናት ያዘ። ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ መኖሪያ ሰፈር ሊሠራ ታስቧልና አየሩ ለሰው ይስማማ እንደሆነ ይታይ ተባለ። ሩት የንፋሱን አቅጣጫና ጉልበት፣ የቀኑን ሙቀት፣ የንጋቱን ቅዝቃዜ፣ የኮረብታውንና የወንዙን ሸለቆ ቅርጽ አስገባች። ከዚያ በአካባቢው ካሉት ጭስ ማውጫዎች ሁሉ በሺህ የሚቆጠሩ የሐሳብ ቅንጣቶችን ለቀቀች። ቅንጣቶቹ አውድማ ላይ እንደተበተነ እብቅ ንፋሱ ወደወሰዳቸው ሄዱ። በዛ ብለው ያረፉበት ቦታ ካርታው ላይ ቀላ፤ ያላረፉበት ነጭ ሆኖ ቀረ።

ኮምፒውተሩ የሚለው ከእውነት ጋር መግጠሙን ለማየት ደግሞ አየሩን የሚለኩ ትንንሽ ቱቦዎች በየመብራት ምሰሶው ላይ ተሰቀሉ። የሚሰቅላቸው የቢሮው ሾፌር ጉዲሳ ነበር። ጉዲሳ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አባቱ ጤፍ የዘሩበት መሬት ዛሬ የቆርቆሮ መጋዘን ቆሞበታል። ጨዋታ ይወዳል፤ ፒክአፑን እየነዳ፣ ይሄ የእነ እገሌ ማሳ ነበር፣ ያ የእነ እገሌ ምንጭ ነበር ሲላት ሩት ሁለት ከተማ በአንድ ላይ የምታይ ይመስላት ነበር።

ቱቦዎቹ ተሰብስበው ከላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ ሁሉም ከኮምፒውተሩ ጋር ገጠመ። ከአንዱ በቀር። ከወንዙ በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ድሮ ተዘግቶ በቀረው የብርድ ልብስ ፋብሪካ አጥር አጠገብ የተሰቀለው ቱቦ በድኝ ጋዝ ተሞልቶ መጣ። ካርታው እዚያ ላይ ነጭ ነበር። ምንም የለም ነው የሚለው።

"ቱቦው ተበላሽቶ ነው" አሏት አለቃዋ ኢንጂነር ተስፋሚካኤል፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። "የፋብሪካው ጭስ ማውጫ እኮ ለብረቱ ሲባል ተነቅሎ ተሸጧል። ግንብና አይጥ ነው የቀረው። አውጪውና እለፊው።"

"ደግመን ሰቅለናል ኢንጂነር። ያው ነው።"

"እንግዲያው ሰው አጠገቡ ጎማ አቃጥሏል።"

"ሁልጊዜ?"

ተስፋሚካኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። ጥናቱ የሚረከብበት ቀን ደርሶባቸው ነበር እንጂ። እጃቸውን ዘርግተው "እስከ ሳምንት ድረስ ከየት እንደመጣ ንገሪኝና እኔም አምንሻለሁ" አሏት።

ሩት ወደ ወንበሯ ተመለሰችና ሥራውን ገለበጠችው። ቅንጣቶቹን ከጭስ ማውጫ ሳይሆን ቱቦው ከተሰቀለበት ምሰሶ ላይ ለቀቀች፤ ንፋሱንም ወደ ኋላ አስነፈሰችው። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ቅንጣት በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ የፈሰሰ ውሃ ወደ እንስራው ሲገባ እንደማየት ነው። ሩት ቅንጣቶቹ ተበታትነው ወደ ቂሊንጦ ወይም ወደ ዱከም ይሄዳሉ ብላ ጠብቃ ነበር።

አልሄዱም። ከምሰሶው ትንሽ ራቅ እንዳሉ ዘገዩ፣ ተሰበሰቡ፣ ከአሮጌው ፋብሪካ አጥር ጀርባ አንድ ነጥብ ላይ ተከማችተው ቆሙ። የሌላ ቀን ንፋስ አስገባች። ከሌላ አቅጣጫ ዞረው መጡና እዚያው ቆሙ። የነፈሰበትን ቀን፣ ያልነፈሰበትን ቀን፣ አቧራ የተነሣበትን ቀን ሞከረች። ቅንጣቶቹ የሄዱበት መንገድ ይለያያል፤ የሚደርሱበት ግን ያው ነው። ከብት ወደ በረቱ እንደሚገባ እየተከታተሉ ይገባሉ። ካርታው ላይ የቀላችው ነጥብ ከአንድ ጎጆ አትሰፋም።

ጉዲሳ የመኪናውን ቁልፍ ሊሰቅል ገብቶ ከኋላዋ ቆሞ ኖሯል። "እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" አላት።

"የቱ ቤት?"

ጣቱን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ። "ይቺ የእማማ የሺሐረግ ቤት ናት። ቀይ ያደረግሻት።"

"ምን ያቃጥላሉ እዚያ?"

"ምንም።" ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ። "ብቻቸውን ናቸው። ሰውም አይሄድባቸውም።"

በማግስቱ ማለዳ ሄዱ። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ነበርና ሜዳው ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። ወደ ጎድጓዳው ሲወርዱ ግን አየሩ ተለወጠ። ጉም የሚመስል ነገር ከመሬት ከፍ ሳይል ተኝቷል፤ ፀጉር ሲለበለብ እንደሚሸት ያለ፣ ካላተኮሩበት የማይያዝ ሽታ አለው። ከፋብሪካው የኋላ ግንብ ጋር ተያይዞ የቆመ አንድ ክፍል ቤት ታየ። ዙሪያውን ያለው ሣር በዚያ ደረቅ ወር እርጥብ አረንጓዴ ነው። ውርጩ ወደ ቤቱ ሲጠጋ በክብ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ሰው በገመድ የለካው ይመስል። ወፍ አይሰማም። ደጃፉ ላይ አንዲት ዶሮ የሰከረች ይመስል ተንገዳግዳ ተቀመጠች።

ጉዲሳ መኪናውን ከውርጩ ወዲህ አቆመ። "እኔ እዚሁ ልጠብቅሽ" አለ።

እማማ የሺሐረግ በሩን የከፈቱት ሳይንኳኳ ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ የቀላ አሮጊት ናቸው። ሩት ማንነቷንና የመጣችበትን ስትናገር ፈገግ ብለው አዳመጡና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። "ቀስ በይ ልጄ፤ አሻግሬ ጋደም ብሏል። ግቢ፣ ብርድ ነው።"

ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ጥሩ ነበር። እሳት የለም፤ ከሰልም የለም። ምድጃው ተጠርጎ ቀዝቅዟል። ሙቀቱ የሚመጣው ከወለሉ ነው። ሩት ዱካው ላይ ተቀምጣ ሙቀቱ በጫማዋ ሶል አልፎ ሲሰማት፣ ምቾቱ ዓይኗን ሊከድነው ደረሰ።

"ወለልዎ ይሞቃል እማማ።"

"የአሻግሬ በረከት ነው" አሏት፣ ቀዝቃዛ ሻይ ከፔርሙዝ እየቀዱ። "የፋብሪካው ቦይለር ላይ ነበር የሚሠራ። ፋብሪካው ሲዘጋ ይችን ክፍል ሰጡን። አሁንም ጎሕ ሲቀድ ይነሣና እሳቱን ሊያይ ይዞራል። 'እሳቱ አልጠፋም የሺ' ይለኛል። ተው፣ ማሽኑ ተነቅሎ ሄዷል ብለው አይሰማኝም።"

ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል የአቡጀዲ መጋረጃ ነበር። ከጀርባው ሰው ሳለ። ከጥልቀት የሚወጣ፣ አክታ ያለበት የፋብሪካ ሠራተኛ ሳል ነው። አልጋ ሲጥ ሲል ተሰማ፤ ከዚያ በእርጋታ መሬት የሚስብ እግር። መጋረጃው በአንድ ወገን ክፍት ነበርና ሩት ጎንበስ ያለ ሰው ጀርባ አየች። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። ግራ ትከሻው ላይ በቡናማ ጨርቅ ተጥፏል። ሰውየው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ የሚሰማ ነገር እንዳለው ሁሉ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ዘንበል አድርጎ ቆመ።

"ደህና አደሩ አባባ" አለች ሩት። አልመለሰላትም። ራሷን ይወቅራት ጀመር፤ ብርጭቆው ከእጇ ሊወድቅ ሲል ነገ እመለሳለሁ ብላ ተነሣች። ደጃፉን እንዳለፈች ውርጩ ላይ ተንበረከከችና አስመለሳት።

ጉዲሳ ሮጦ ደገፋት። መኪናው ውስጥ ውሃ ሰጣት።

"ባለቤታቸው ታመዋል መሰለኝ" አለች አፏን እየጠረገች። "ሳላቸው ጥሩ አይደለም። ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።"

ጉዲሳ ቁልፉን እንደያዘ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ።

"አየሻቸው?"

"ከጀርባ። ቱታ ለብሰው ነው።"

"ሩቲ" አለ፣ ወደ እሷ ሳይዞር። "አቶ አሻግሬ ከሞቱ ቆዩ። ሳንባቸው ነው የገደላቸው። አስከሬኑን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አፈርም አልብሻለሁ።"

ቀኑን ሙሉ ሩት ከቢሮ ሳትንቀሳቀስ ዋለች። ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷን የምታስታግስበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ማሰብ ጀመረች። ነበልባል የሌለው እሳት፣ አየር ሲያጥረው፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይወልዳል። ቤት ውስጥ የተረሳ ከሰል ሰው የሚገድለው በዚሁ ነው። ቀስ እያለ ከገባ ደግሞ ጉንጭ ያቀላል፣ ራስ ይወቅራል፣ ያሳክራል፤ የሌለ ድምፅ ያሰማል፣ የሌለ ሰው ያሳያል። ድኙ ከየት እንደመጣም ገባት። ሱፍ ድኝ አለው፤ የማሽን ጎማም አለው። ፋብሪካው ሲዘጋ የተረፈው ቁራጭ ሱፍና ዘይት የጠጣ ጨርቅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ አፈር ከተመለሰበት፣ አንድ ቀንም እሳት ከነካው፣ ለዓመታት ሳይነድና ሳይጠፋ ሊጨስ ይችላል። ቅንጣቶቹ ሁሉ ወደዚያች ክፍል የገቡት ለዚህ ነው።

ሁሉም ነገር ልክ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልገጥምላት አለ፤ እሱን ለጊዜው ወደ ጎን አደረገችው።

ተስፋሚካኤል ሲሰሙ መነጽራቸውን አውርደው ካርታውን ረጅም ጊዜ አዩት። "ሰው አለበት እንዴ?" ነበር ያሉት። ወረዳ አብረዋት ሄዱ። የወረዳው ሰው በአክብሮት ተቀበላቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው፣ የጥቃቅን ሱቆች ምዝገባና የምርጫው ዝግጅት እንደያዘው ነግሯቸው፣ "ቦታው የማን ይዞታ እንደሆነ ይጣራና ይቆፈራል" አላቸው። ሩት ከአንድ የምታውቀው የብረታ ብረት ድርጅት እንደ ሞባይል የምትያዝ ጋዝ መለኪያ ተዋሰች፤ በጉዲሳ ጥቆማ ደግሞ የእማማ የሺሐረግን ልጅ ዙፋንን ፈልጋ አገኘቻት። ዙፋን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የደረሳት የመንግሥት ሠራተኛ ናት።

"ስንት ጊዜ ለመንኳት" አለች ዙፋን፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "አባትሽን ጥዬ የት እሄዳለሁ ትለኛለች። አእምሮዋ ነው ብዬ ተውኩት። እኔም እዚያ ሳድር አባባን በሕልሜ እያየሁ እጮህ ነበርና መሄድ ፈራሁ።"

ሁለቱ አብረው ሄዱ። መለኪያዋ በሩን ሳያልፉ መጮህ ጀመረች። ሩት በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋ ከፈተችና አሮጊቷን ሣሩ ላይ አስቀምጣ፣ ረጋ ብላ ሁሉንም አስረዳች፤ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሱፉ፣ ስለማይታየው ጋዝ። እማማ የሺሐረግ አላቋረጧትም።

"እንግዲህ የማየው ጭስ ነው በይኛ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ እማማ። እኔም አይቻለሁ። ጭሱ ነው ያሳየኝ።"

"ምን ለብሶ አየሽው?"

ሩት ጎንበስ ብላ መለኪያዋን አጠፋች። ወደ ጎን ያደረገችው ነገር ይህ ነበር።

"ንገሪኝ ልጄ።"

"ሰማያዊ ቱታ። ግራ ትከሻው ላይ በቡናማ ጨርቅ የተጣፈ።"

ዙፋን አፏን በእጇ ያዘች። እማማ የሺሐረግ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከኮቴ ገበር ቀድጄ እኔ ነኝ የጣፍኩት። እኔን ጭስ አሳየኝ እንበል። አንቺን፣ የማታውቂውን ሰው፣ ጭሱ ከየት አምጥቶ አሳየሽ?"

ሩት ወደ ቤቱ ዓይኗን ሰደደች። ግድግዳው ላይ ፎቶ ይኖራል፣ ስገባ አይቼው ኖሯል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ፎቶ አለ። ሰውየው በሙሉ ሱፍ ልብስና በከረባት፣ በሠርጉ ቀን።

"ብቻ እዚህ ካደሩ ይሞታሉ" አለች።

አሮጊቷ ለመሄድ ተስማሙ። ታኅሣሥ ገብርኤልን በቤታቸው አክብረው ከዚያ ሊወስዷቸው፣ እስከዚያ መስኮቱ ሌሊትም ቀንም ክፍት ሊሆን። ዙፋን ያኑ ዕለት ልትወስዳቸው ብትጎትታቸው የበሩን መቃን ይዘው አልለቅም አሉ። ሩት ስትሰናበታቸው እጇን ሳቡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"መስኮቱን ስከፍት አይመጣም" አሏት። "ይሄን አውቄ ነበር። ካልሞቀ አይመጣም።"

ሩት ይህን ቃል ለዙፋን ልትነግራት አሰበችና ልጅቷን ማስጨነቅ ስላልፈለገች ተወችው።

ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ንፋሱ ሞተ። አቃቂ ላይ እንዲህ ያለ ጊዜ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀዝቃዛው አየር እንደ ክዳን ሸለቆው ላይ ይጋደማል፣ ጭስ ወደ ላይ መሄድ ያቅተዋል። ሩት የትንበያውን ቁጥር አስገብታ ቅንጣቶቹን ከዚያች ክፍል ወደ ፊት ለቀቀቻቸው። አልተበተኑም። ወጡና ተመልሰው ቤቱ ላይ ወረዱ፤ በላዩ ሌሎች ወጡ፤ እነሱም ወረዱበት። ቀዩ ነጥብ ጠቆረ። ሩት ስልኳን አንሥታ ዙፋንን ጠራች፤ ጉዲሳን ፈለገች፤ ጎሕ ሲቀድ ሦስቱም መንገድ ላይ ነበሩ።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ስንጥቁ ሁሉ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ እየተጠቀጠቀ፣ በጥንቃቄ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይቀር ተደፍኗል። ዙፋን "እማዬ!" እያለች ቆርቆሮውን ደበደበች። ከውስጥ የሚያወራ ድምፅ ይሰማል፤ የአሮጊቷ ድምፅ ነው፣ ደስ ያለው፣ አንዳንዴ እየሳቀ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ እያለ። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ።

ጉዲሳ በትከሻው በሩን ገነጠለው። ሩት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ተከተለችው፤ ከደረቷ ላይ የተንጠለጠለችው መለኪያ ያለማቋረጥ ትጮኻለች። እማማ የሺሐረግ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደለቀቁ ሁሉ ወደ ዳር ተጠግተው ተኝተዋል። ሁለቱ በብብታቸውና በእግራቸው ይዘው አወጧቸውና ከአረንጓዴው ሣር አልፈው ውርጩ ላይ አስተኟቸው። ዙፋን ራሳቸውን ጭኗ ላይ አደረገች። ይተነፍሳሉ።

ሩት ቀና ስትል ጉዲሳ የለም። ተመልሶ ወደ ቤቱ ገብቷል።

"ጉዲሳ! ውጣ! ማንም የለም እኮ!"

ሩት ልትገባ እግሯን ስታነሣ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ የኋሊት እየሄደ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ የከበደ ነገር እንደሚስብ ሰው ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ዘርግቶ። ደጃፉን እንዳለፈ ባዶ እጁን ይዞ ወደ ኋላው ወደቀ። ተነሣና መዳፉን አየው። ገልብጦ አየው።

"አሮጊቷን ስናወጣ 'እኔንስ?' አለኝ" አለ። "እጁን ይዤው ነበር። ሩቲ፣ በማርያም፣ ይዤው ነበር። ይሞቅ ነበር።"

ሩት የምታውቀውን ነገረችው። ጋዙ ሲበረታ ጥቂት ትንፋሽ እንደሚበቃ፣ ሰው የሚፈራውን እንደሚያይ፣ እሱ ደግሞ ሰውየውን ቀብሮት እንደነበር። እየተናገረች ሳለ የራሷ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት። ጉዲሳ በትሕትና አዳመጣት፤ አልተከራከራትም። እጁን ግን ያን ቀን ሙሉ ከኪሱ አላወጣም።

እማማ የሺሐረግ ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተደረገላቸውና ተረፉ። ከዚያ በኋላ የይዞታው ጉዳይ እስኪጣራ የጠበቀ የለም፤ ተስፋሚካኤል ራሳቸው እሳት አደጋ ድረስ ሄደው ሰው ይዘው መጡ። ቁፋሮው ሲጀመር ሩት ከአጥሩ ወዲያ ቆማ አየች። የቤቱ ወለል ሲነሣ አመድ ወጣ፤ ከአመዱ ሥር የጠቆረ ሱፍ፣ የቀለጠ ጎማ፣ ከዚያ በታች ደግሞ አየር እንደነካው ዓይኑን የገለጠ ቀይ ፍም፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ከክፍሉ አልፎ እስከ አሮጌው የቦይለር ቤት የተዘረጋ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ አማተበ። ውሃ ሲወርድበት ጩኸቱ እስከ ሐዲዱ ድረስ ተሰማ። ለማጥፋት ሳምንት አልፎ ፈጀ። ጥናቱ ሲረከብ ያች ጎድጓዳ ቦታ ለመኖሪያ እንዳትሆን ተብሎ ተጻፈባት፤ ከዚያ በኋላ የተሰቀለው ቱቦም ንጹሕ ሆኖ መጣ።

ሩት ቱሉ ዲምቱ የሄደችው ከጥምቀት በኋላ ነው። ዙፋን አቅፋ ሳመቻት፤ ጎረቤት ሁሉ "እናቷን ያዳነች" እያለ አያት። እማማ የሺሐረግ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው ገርጥቷል፤ ዕድሜያቸው በአንድ ጊዜ የመጣባቸው ይመስላሉ። ዙፋን ወደ ሱቅ ስትወርድ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"አዳነችኝ ልበል እንዴ?" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። "ሁሉም ያንን እንድል ይጠብቃል። እኔ ግን ያን ሰው ሁለቴ ቀበርኩት።"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"ምን አድርገሽ? ልጅ ነሽ፣ የሚሞት ሰው አይተሽ በሩን አስገነጠልሽ። ማንም ያደርገዋል።" ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። "ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ። ዙፋን፣ ጭስ የት እንደሚሄድ ታውቃለች ብላኛለች።"

"አዎ።"

"በሩ የተገነጠለ ቀን፤ ከቤት የወጣው የት ሄደ?"

ሩት ምን እንደሚጠይቋት ገባት። ቦርሳዋ ውስጥ ላፕቶፕ ነበራት። መጀመሪያ በሳቅ ልታልፈው አሰበች፤ ደግሞ መሳቅ ነውር መሰላት። አወጣችው፣ ጭኗ ላይ ከፈተችው፣ የዚያን ማለዳ ንፋስ አስገብታ ቅንጣቶቹን ከክፍሏ በር ላይ ለቀቀች። አሮጊቷ ወንበራቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱ።

"ይኸው። መጀመሪያ አልሄደም፤ ጎድጓዳው ውስጥ ቆየ። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ ተነሣ። ከዚያ ወንዙን ተከተለ።"

"ወንዙን ይወድ ነበር። ከዚያስ?"

"ረፋድ ላይ የምሥራቁ ንፋስ መጣ። ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገፋው፤ በውሃው ላይ አለፈ። እዚህ ጋ እየሳሳ ይሄዳል።"

"ጠፋ?"

"አይጠፋም እማማ። ይበተናል እንጂ። በጣም ስለሚሳሳ መቁጠር አይቻልም።"

እማማ የሺሐረግ እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ፤ የቅንጣቶቹን መንገድ ከወንዙ እስከ ሐይቁ ቀስ ብለው ተከተሉት። ከዚያ፣ ሞት እንደተረዳ ሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። ሩት አብራቸው ተቀመጠች።

አንድ ነገር አልነገረቻቸውም። ቅንጣቶቹ ሁሉ አልሄዱም ነበር። ጥቂቶቹ፣ በእጅ ጣት የሚቆጠሩ፣ ቤቱ ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ ሳይሉ ቀርተዋል። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ንፋስ በሌለበት ኮምፒውተሩ አንዳንድ ቅንጣት ይዞ ይቀራል፤ የስሌቱ ጉድለት ነው፤ የፕሮግራሙ መመሪያ መጽሐፍ ላይም ተጽፏል። ለማረጋገጥ ሰዓቱን ወደ ፊት ገፋችው፤ ማታ አደረገችው፣ ማግስቱን አደረገችው፣ ንፋስ የበረታበትን ቀን አስገባችበት። አልተንቀሳቀሱም።

ዙፋን ዳቦ ይዛ ስትመለስ ሩት ላፕቶፑን ዘግታ እማማ የሺሐረግን ትከሻቸውን አቅፋ አገኘቻት። እሑድ ሦስቱ ሴቶች ተያይዘው አባ ሳሙኤል ወረዱ። ጉዲሳ ነው ያደረሳቸው። አሮጊቷ ውሃው ዳር ብዙ ቆሙ። ጉዲሳ መኪናው ውስጥ፣ ከውሃው የሚመጣው ንፋስ እንዳይገባ መስኮቱን እስከ ላይ ዘግቶ ጠበቃቸው።